ከ8 ወር እስከ 6 ዓመት፣ ሁሉም አንድ ሳሎን ውስጥ፦ ትምህርቱን እንዴት ታቅዱታላችሁ?

ማራኪ_ሠፈር

ሰላም ለቤቱ። ጎንደር፣ ማራኪ ነው የምኖረው። ቤቴ ውስጥ የጎረቤት ልጆች እይዛለሁ። የራሴን ጨምሮ ስድስት ናቸው። ትንሿ 8 ወሯ ነው። ከሷ ከፍ የሚለው ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ቀጥሎ ሁለት ዓመት ያለፈው አለ። ከዚያ ሁለት የ4 ዓመት ሴቶች። በመጨረሻ የኔው የ6 ዓመት ጎረምሳ። እሱ ጠዋት ትምህርት ቤት ውሎ ከሰዓት ይቀላቀላል።

ማቆየቱ አላቃተኝም። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ንጹሕ ናቸው። ያስቸገረኝ ማስተማሩ ነው። ለየዕድሜው የተለየ ነገር ላዘጋጅ ስል ቀኑ ያልቅብኛል። ለ4 ዓመቶቹ የፊደል ካርድ ሳወጣ ትንሹ ያኝከዋል። ለሱ ኳስ ሳወጣ ትልልቆቹ ቤቱን ስታዲየም ያደርጉታል። ሕፃኗ ደግሞ ልክ ሁሉም ነገር ሲረጋጋ ትነቃለች።

ኢንተርኔት ላይ የማገኘው እቅድ በሙሉ ለአንድ ዕድሜ የተሠራ ነው። ሃያ እኩያ ልጆች፣ ሁለት መምህር፣ ባለቀለም ምንጣፍ። እኔ ያለኝ አንድ ሳሎን፣ አንድ በረንዳና የጋራ ግቢ ነው። እናንተ እንዴት ነው የምታቅዱት? እባካችሁ "በርቺ" ብቻ ብላችሁ አትለፉ።

እትዬ_መምህርት

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ኬጂ ውስጥ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስድስት እቅድ አትሥሪ። አንድ ዕቃ ምረጪ። ግን ሁሉም እንደየአቅሙ የሚገባበት ይሁን።

ምሳሌ ልስጥሽ። ትልቅ ካርቶን። ፒያሳ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ለምነሽ የቴሌቪዥን ወይ የፍሪጅ ካርቶን ታገኛለሽ። መሬት ላይ አጋድሚው፣ በሁለቱም በኩል ክፈቺው። ሕፃኗ ትድህበታለች። ከወዲያኛው ጫፍ ብቅ ጥልቅ ስትዪላት ትስቃለች። ያ ሳቅ ትምህርት ነው። ከዓይን የተሰወረ ሰው እንዳልጠፋ እየገባት ነው። ዓመት ከመንፈቁ ድንች ስጪው፣ ሲከትና ሲያወጣ ይውላል። ለኛ አሰልቺ ነው፣ ለሱ ግን ዋና ሥራው ነው። ሁለት ዓመቱ ገብቶ "ቤቴ ነው" ይላል። ሴቶቹ ታክሲ ያደርጉታል። ያንቺው ጎረምሳ ደግሞ ታርጋ ይጽፍለታል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ታክሲ ካለ ሹፌር አለ፣ ረዳት አለ፣ ተሳፋሪ አለ። ረዳቷ "አራዳ! አራዳ! አንድ ሰው!" ብላ ስትጣራ ቋንቋ ነው። ሒሳብ ስትቀበል ቁጥር ነው። ወረቀት ቆራርጠሽ ብር አድርጊላቸው። "መልሴን ስጪኝ" በያት። አምስት ቆጥራ ከሰጠችሽ፣ 5ን ደብተር ሙሉ ከመጻፍ ይበልጥባታል።

ወረቀቱ ላይ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ብዙ ሰው "ሰኞ ፊደል፣ ማክሰኞ ቁጥር፣ ረቡዕ ሥዕል" ብሎ ይጀምራል። አንቺ በግራ በኩል የልጆቹን ስም ጻፊ። ከየስሙ አጠገብ ልጁ ሰሞኑን በራሱ ፍላጎት የሚታገልለትን አንድ ነገር አስቀምጪ። አንዷ ይዛ ለመቆም እየሞከረች ይሆናል። አንዱ ክዳን መክፈት አባዜ ሆኖበታል። አንዷ "ስሜ እንዴት ነው የሚጻፈው?" ትላለች። ከዚያ በኋላ "ምን ባወጣላቸው ሁሉም የየራሱን ያገኝበታል?" ብለሽ ታስቢያለሽ። ከልጁ ወደ ዕቃው ነው የሚኬደው። ከዕቃው ወደ ልጁ ስትሄጂ ነው የሚደክምሽ።

ቀሃ_ማዶ

በርቺ! (ይቅርታ፣ አላስቻለኝም።)

አዘዞ_ልጆች_ቤት

እኔም አዘዞ ላይ ልጆች እይዛለሁ። እትዬ ያሉት ልክ ነው። ግን ሰዓቱን ካላስተካከልሽ ካርቶኑም አያድንሽም።

የቀኑ አለቃ ሕፃኗ ናት፣ አንቺ አይደለሽም። በ8 ወር ብዙዎቹ ቀን ቀን ሁለቴ ይተኛሉ፤ አንዴ ረፋድ ላይ፣ አንዴ ከሰዓት። ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ስትተኛ ጥቃቅን ነገር የሚፈልገውን ሥራ አውጪ። መቀስ፣ ዶቃ መሰካት፣ የፊደል ካርድ። እሱም ጠረጴዛ ላይ እንጂ መሬት ላይ አይሁን። ዓመት ከመንፈቁን ከእግርሽ ሥር ድስትና የእንጨት ማንኪያ ሰጥተሽ አስቀምጪው። ይደበድበዋል፣ ይደብድበው። ስትነቃ ጥቃቅኑ ይሰበሰባል፣ ትልልቁ ነገር ይወጣል። ግቢ፣ ኳስ፣ ካርቶን፣ ዘፈን።

ከምሳ በኋላ ሁሉም ጋደም ይላል። ያልተኛ መጽሐፍ ይዞ ዝም ይላል። 4 ዓመት የሞላው ሁሉ እንቅልፍ ይወስደዋል ማለት አይደለም፤ ግድ ተኙ ብትዪ ሌላውን ይቀሰቅሱብሻል።

ሌላው የረሳሽው፣ ቀኑን የሚበላው መጠበቅ ነው። እጅ ለመታጠብ ሲሰለፉ። ዳይፐር እስክትቀይሪ። ምሳ እስኪቀርብ። ደምሪው፣ ብዙ ሰዓት ነው። እኔ እዚያ ላይ እንቆቅልሽ አስገብቻለሁ። "እንቆቅልሽ!" ስል ሁለት ዓመቷ "ምናውቅልሽ!" ብላ መጮኽ ብቻ ነው ድርሻዋ፤ ደስታዋ ግን ከሁሉም ይበልጣል። አራት ዓመቱ ይገምታል። ስድስት ዓመቱ ራሱ ይፈጥራል፤ መልስ የሌለው እንቆቅልሽ ነው የሚፈጥረው፣ ግን ይፈጥራል። "አገር ስጠኝ" የተባለ ቀን ጠብ አለ። ሁሉም ጎንደርን አልሰጥም ይላል። ባህር ዳርን ስንት ጊዜ እንደሰጠናት አትጠይቁኝ።

ዳይፐር ስትቀይሪ ደግሞ አውሪያት። "አሁን እግርሽን አነሳለሁ፣ ይኸው ቀዝቃዛ ነው" እያልሽ። ለሕፃኗ የቋንቋ ክፍለ ጊዜዋ እሱ ነው። ሌላ ማቀድ አያስፈልግሽም።

የልጅ_አባት

ከአክብሮት ጋር፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ወላጅ ነኝ። ልጄ 4 ዓመቷ ነው፣ እንዲህ ዓይነት ቤት ነው የምትውለው። የምከፍለው ታክሲ ታክሲ እንድትጫወት አይደለም። የወንድሜ ልጅ እኩያዋ ናት፤ ኬጂ ገብታ ኤቢሲዲን እስከ ዜድ ትወርደዋለች። ደብተሯ ሙሉ ነው። የኔዋን ማታ "ምን ተማርሽ?" ስላት "ሻይ ሸጥኩ" ትለኛለች። ኋላ ትምህርት ቤት ልትገባ ስትፈተን ሻይ መሸጥ ይጠይቋታል?

እትዬ_መምህርት

ወንድሜ፣ መጠየቅህ ደግ ነው። ገንዘብህንም ልጅህንም ነው የሰጠኸው።

እኔ ኤቢሲዲን እስከ ዜድ የሚወርዱ ብዙ ልጆች ተቀብያለሁ። መሃል ላይ አንዷን ፊደል ነጥዬ "ይቺ ማናት?" ስል ግማሾቹ ከኤ ጀምረው ካልዘፈኑ አይነግሩኝም። ዜማውን ነው የያዙት። ክፋት የለውም፣ ግን ንባብ አይደለም።

አሁን ባለው ሥርዓት አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ አለ። ልጅህ ገና እዚያም አልደረሰችም። በዚህ ዕድሜ እርሳስ ስትይዝ ብዙ ጊዜ ከክንዷ ነው የምትገፋው፤ ጣቶቿና የእጇ አንጓ ገና አልጠነከሩም። የሚያጠነክራቸው ማድቦልቦል፣ መጭመቅ፣ መቁረጥ ነው። ሊጥ ጥሩ ነበር፣ ግን በዛሬ የዱቄት ዋጋ ማንም አይለኝም። ጭቃ ይበቃል። ወለቃ ያሉት ሸክላ ሠሪዎች የሚሠሩበት ዓይነት አፈር ብታገኙ ደግሞ ሲደርቅ ቅርጹን ይዞ ስለሚቀር ልጆቹ ይኮሩበታል።

ፊደልን አስተምሩ፣ እኔ አትተዉ ነው የምለው። 33ቱ በሰባት ሰባት 231 ናቸው። ከዚያ ሁሉ መሃል ለልጅህ ነፍስ ያላት አንዷ ናት፤ የስሟ መጀመሪያ። በሷ ጀምሩ። ሻይ ቤቱ ላይ ስሟን ትለጥፍ። ቀጥሎ የጓደኛዋን። በዚያው ሰሞን ትንሹ ልጅ ያቺኑ ወረቀት ሲያይ "የሷ ነው" ማለት ከቻለ እሱም ጀመረ ማለት ነው።

ማታ ደግሞ "ምን ተማርሽ?" አትበላት። ለትልቅ ሰውም ከባድ ጥያቄ ነው። "ማን ሻይ ገዛ? ስንት ስኳር ፈለገ? ስንት ከፈለ?" በላት። ከዚያ የሆነውን እዚህ ጻፍልን።

የአብነት_ልጅ

እኔን የገረመኝ እንደ አዲስ ነገር ማውራታችሁ ነው። የተለያየ ዕድሜ አንድ ላይ ማስተማር ለጎንደር ሰው አዲስ ነው እንዴ? የቄስ ትምህርት ቤት ምን ነበር? አንድ ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ሀሁ ይላል። አጠገቡ ያለው አቡጊዳ ላይ ነው። ወዲያ ማዶ መልእክተ ዮሐንስ ይነበባል። ትልቁ ዳዊት ይደግማል። የኔታ ግን አንድ ናቸው። ታዲያ እንዴት ያዳርሱ ነበር? ፊደል የለየው ለጀማሪው ያስቆጥራል። በስንደዶ እየጠቆመ። ጀማሪው ሲሳሳት አስቆጣሪው ራሱ ቀና ብሎ የኔታን ያያል፤ ምክንያቱም እሱም እርግጠኛ አይደለም። እዚያ ላይ ነው ሁለቱም የሚማሩት።

ፈረንጆቹም ደርሰውበታል። ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 ሮም ላይ የመጀመሪያውን ቤት ስትከፍት ልጆቹን በዕድሜ አልነጣጠለቻቸውም። ዛሬም በሷ ዘዴ የሚያስተምሩ ከ3 እስከ 6 ዓመት አንድ ክፍል ያደርጋሉ።

ኩርኩሙንና አለንጋውን ግን እዚያው ተዉት። እሱን አልናፍቅም።

የሁለት_እናት

ይሄ "ትልቁ ትንሹን ያስተምር" የሚለው ላይ ቆም በሉ። የኔ ትልቁ ልጅ ከዚህ በፊት የሚውልበት ቤት ቀኑን ሙሉ "አንተ ትልቅ ነህ፣ ስጠው"፣ "አንተ ትልቅ ነህ፣ ያዛት" ነበር የሚባለው። የሠራውን ሁሉ ትንንሾቹ ያፈርሱበታል። ማልቀስ እንኳን ተከልክሏል፣ ትልቅ ነዋ! ማስተማር ሌላ፣ ሞግዚት መሆን ሌላ።

ማራኪ_ሠፈር

@የሁለት_እናት ውይ፣ ይሄ እኔንም ያሳሰበኝ ነገር ነው። የኔው ልጅ ስለሆነ ደግሞ ይበልጥ ማዘዝ ይቀናል። ምን ባደርግ ይሻላል ትያለሽ?

የሁለት_እናት

አሁን ያለበት ቤት እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ የራሱ ቦታ አለው። እዚያ ያስቀመጠውን ማንም አይነካበትም፣ ሠርቶ ያልጨረሰውን ለነገ ያቆየዋል። ሁለተኛ፣ "ታሳያታለህ ወይስ ሥራህን ትቀጥላለህ?" ተብሎ ይጠየቃል። እምቢ ካለ እምቢ ነው። ሦስተኛ፣ ትንሿ ተኝታ ሳለ ከአሳዳጊዋ ጋር ለብቻው ገበጣ ይጫወታል። የሚገርመው፣ ይሄ ከሆነ ወዲህ ራሱ እየሄደ ያሳያቸዋል።

ነርስ_ነኝ

ስለ ትምህርቱ እትዬ ብለውታል። እኔ የመጣሁት ስለ ዶቃው ነው።

ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉን ነገር በአፉ ነው የሚመረምረው። ዶቃ፣ ብይ፣ ቆርኪ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ አደገኛ ናቸው። ቆሎና ኦቾሎኒ ደግሞ ምግብ ስለሆኑ እንረሳቸዋለን። "ትንሽ ቅመስ" ብለን እኛው ነን የምንሰጣቸው። ለመለኪያ የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ መሃሉ የምትቀረውን ካርቶን ውሰዱ። በሷ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ለትንሹ አይሰጥም። ቆርኪ ያልፋል፣ ጠርዙም ይቆርጣል። የ20 ሊትር ጀሪካን ክዳን አያልፍም፤ ቀለሙም የተለያየ ስለሆነ ለመለየት፣ ለመቁጠር፣ ለመደርደር ጥሩ ነው። ባቄላውን መጣል አይኖርባችሁም። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ከታችሁ ክዳኑን በማጣበቂያ ግጥም አድርጉት። ለሕፃኗ ማንቋቋያ ይሆናል። ትልልቆቹ ይሥሩት፣ አንዱን በብዙ ባቄላ፣ አንዱን በጥቂት፤ የቱ ይበልጥ እንደሚጮኽ ይገምቱ። ክዳኑን ግን በየቀኑ ፈትሹት።

ሕፃኗ ስትተኛ በጀርባዋ ትተኛ፣ ዓመት እስኪሞላት። ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ ማንም ልጅ አይተኛ። ይሄንን በብርድ ሰሞን ደጋግሜ ነው የምናገረው።

ቀሃ_ማዶ

አሁን የምር ልጠይቅ። ዩቲዩብ ላይ ፊደል የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች አሉ አይደል? ምሳ እስኪሠራ ቢከፈትላቸው ምን አለበት? ሁሉም ዝም ይላሉ።

ነርስ_ነኝ

ዝም ማለታቸው እኮ ነው ችግሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ አለ። ከዓመት በታች ስክሪን ጭራሽ አይመከርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት አይበልጥ ይላል፣ ባነሰ ቁጥር የተሻለ። ከዓመት እስከ 4 ዓመት ያለው ልጅ ደግሞ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት። አንድ ሳሎን ውስጥ የተቀላቀለ ዕድሜ ካለ ለትልቁ የተከፈተው ለሕፃኗም ተከፈተ ማለት ነው። ምሳ እስኪሠራ ድንች ይታጠቡልሽ፣ ባቄላ እሸት ይፈልፍሉልሽ። የኋለኛው ለትልልቆቹ ብቻ!

ማራኪ_ሠፈር

እሺ፣ ካርቶኑን ሞከርኩት። ልንገራችሁ።

ሹፌሩ የኔ ልጅ ነው። ከሴቶቹ አንዷ ረዳት ሆነች፣ ሌላዋ ሕፃን ያዘለች ተሳፋሪ፤ ሕፃኑ አሻንጉሊት ነው። ሁለት ዓመቱ ድንቹን በሙሉ ተሸክሞ መጥቶ መቀመጫ ላይ ደረደረው። ረዳቷ "ድንቹም ይከፍላል፣ ቦታ ይዟል" አለች። እሱ "አይከፍልም" አለ። ጭቅጭቅ። እኔ ልገባ ስል ተውኩት። ሹፌሩ ወርዶ ወረቀት አመጣና "ድንች በነሳ" ብሎ ጽፎ በር ላይ ለጠፈ። ረዳቷ አላመነችም፣ "አንብበው" አለችው። አነበበላት። ከዚያ እሷም እስክሪብቶ ይዛ "ሰው 5" ጻፈች። 5ቷ ተገልብጣለች፣ ግን 5 ናት። ዓመት ከመንፈቁ በዚህ ሁሉ መሃል ድንቹን አንድ በአንድ በወዲያኛው በር ሲያወርድ ነበር።

ማንም ፊደል ቁጠሩ አላላቸውም። "ነሳ"ን ያን ሰዓት አላረምኩትም። ማታ ላይ ከገበያ የመጣ ፌስታል ላይ "ነጻ" የሚል አሳየሁት፣ ራሱ ሄዶ ቀየረው።

ወረቀቱንም እትዬ እንዳሉት አድርጌዋለሁ። አንድ ጨምሬበታለሁ። በሩ አጠገብ ለየልጁ አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ወላጅ ሲወስድ ያነባል። "ዛሬ አምስት ሰው አሳፍራ መልስ ሰጠች" የሚል ነገር። "ዋለች፣ በላች፣ ተኛች" ብቻ ስል ነበር ወላጅ ደብተር ሲያምረው የነበረው።

የልጅ_አባት

ጠየቅኳት እንደተባልኩት። "ስንት ስኳር ፈለገ?" ስላት ግማሽ ሰዓት አወራችኝ። ስኳር ያልፈለገ ደንበኛ አለ፣ በሽታ ስላለበት። ተሳስታ ብዙ መልስ የሰጠችው አለ። መቁጠሯን እስከ አስራ ሁለት ሰምቻለሁ። ደብተሩን ግን አሁንም እፈልጋለሁ። መስመሩን ወረቀት ላይ መጻፉን ለኛም ቤት እነግራታለሁ።

የአብነት_ልጅ

ለምን ፋሲል ግቢ አትወስዷቸውም? አስራ ሁለት በር አለው፣ እየቆጠሩ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች ለልጅ ዓይን ምን ያህል እንደሚማርኩ!

አዘዞ_ልጆች_ቤት

ስድስት ልጅ፣ አንዷ በጀርባ፣ አንዱ በእጅ፣ አንዱ "ሽንቴ መጣ"፣ በባጃጅ? ወንድሜ፣ አንተ ና ውሰዳቸው። እኛ የሠፈሩን በር እንቆጥራለን። የቆርቆሮ በር ስንት፣ የእንጨት ስንት፣ ሰማያዊ ስንት። እሱም ሲሞቅ ሳይሆን ጠዋት፣ ሕፃኗ ጀርባ ላይ ስትተኛ።

ቀሃ_ማዶ

@ማራኪ_ሠፈር እህቴ ማራኪ ነው የምትሠራው፣ የ5 ወር ልጅ አላት። የወሊድ ፈቃዷ አልቋል። ቦታ ይኖርሻል?

ማራኪ_ሠፈር

የእህትሽ ነገር ያሳዝናል፣ በግል ድርጅት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 የሥራ ቀን ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ግን አልችልም። በሁለቱ ትንንሾች ላይ ሦስተኛ ሕፃን ከመጣ ለሌሎቹ የማቅደው ነገር ሁሉ ቀረ ማለት ነው። እንግሊዝ አገር በቤቷ ልጅ የምትይዝ ሴት በደንቡ ከ8 ዓመት በታች ከ6 ልጅ በላይ አትይዝም፤ የራሷም ይቆጠራል። ከስድስቱ ከ5 ዓመት በታች ያሉት በመሠረቱ ከ3፣ ከዓመት በታች ደግሞ ከ1 አይበልጡም። በዚያ ሚዛን እኔ አሁንም አብዝቻለሁ። @አዘዞ_ልጆች_ቤት አንቺ ጋ ቦታ ካለ?

አዘዞ_ልጆች_ቤት

ከማራኪ አዘዞ በየቀኑ ለሕፃን ሩቅ ነው። ሎዛ አካባቢ የምትይዝ አውቃለሁ፣ በውስጥ ልላክላት።

እኔም ጥያቄ አለኝ ለእትዬ። ክረምት ሲመጣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሁለት የ8 ዓመት ልጆች ይጨመሩብኛል። ዝናቡ ደግሞ ግቢውን ይወስድብናል። ያን ጊዜ ምን አወጣለሁ?

እትዬ_መምህርት

የ8 ዓመቶቹን ሥራ ስጫቸው። ከትንንሾቹ አፍ ተረት እየሰሙ ይጻፉ። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይሥላል፣ ትንንሾቹ ይናገራሉ። በመርፌና ክር ሰፍታችሁ መጽሐፍ አድርጉት። በወሩ መጨረሻ የራሳችሁ መጽሐፍ ይኖራችኋል፣ ማታ ማታም ለወላጅ አውሱት። ዝናቡ ረገብ ሲል ደግሞ በረንዳ ላይ ሳፋ አስቀምጪ፤ ከጣሪያ የሚወርደውን በኩባያ ይለኩ። ውሃ በሚጠፋበት ከተማ ውሃ መጫወቻ የሚሆነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሳፋው አጠገብ ግን ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ይኑር፣ ለአንድ አፍታም ቢሆን።